ሞተር ላይ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው በግራ ነው በቀኝ የሚወርደው? ጉልበቷን ለሚያማት እናት

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «150 ሲሲ ሞተር አለኝ። እናቴ 60 አልፏታል፣ ቀኝ ጉልበቷን ያማታል፣ ስኳርም አለባት። ቀጠሮ ሲኖራት ከአራት ኪሎ ጥቁር አንበሳ ድረስ በሞተር አደርሳታለሁ። ባለፈው ቸርችል ቁልቁለቱ ላይ ዳር ይዤ ቆሜ በግራ ስትወርድ ሞተሩ ወደ ግራ ወደቀብን፣ ከኋላ የሚመጣው ሚኒባስ ለትንሽ ነው የሳታት። ከዛ በፊት ደግሞ በቀኝ ስትወርድ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ባቷን አቃጥሏታል። አንዱ ጓደኛዬ ስታንዱን አውርደህ አንተ ቅደምና ውረድ ከዛ ደግፈህ አውርዳት ይለኛል፣ ሌላው ደግሞ ሁሌም በግራ ነው ይላል። የቱ ነው ልክ?»

ሁለቱም የያዙት ግማሹን ነው፣ እናም ሁለቱንም ምክር ቸርችል ቁልቁለት ላይ ብትሞክረው ያስወድቅሃል። በግራው ልጀምር ምክንያቱም እሱን ብዙ ሰው እንደ ህግ ይዞታል። የጎን ስታንዱ በግራ ስለሆነ ሞተር ሲቆም ወደ ግራ ነው የሚያዘነብለው፣ ማርሚታው ደግሞ አብዛኛው ከተማ ውስጥ የምናየው ሞተር ላይ በቀኝ ነው ያለው፣ ስለዚህ ነጂ በግራ ይወጣል በግራ ይወርዳል፣ ተሳፋሪም እንደዛው። ግቢ ውስጥ ወይ ፓርኪንግ ውስጥ ከሆነ ትክክል ነው ምንም አልልም። መንገድ ዳር ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። እኛ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ነው የምንነዳው፣ ዳር ይዘህ ስትቆም በቀኝህ የእግረኛ መንገድ አለ፣ በግራህ ደግሞ መኪናው እየሄደ ነው፣ ስለዚህ እናትህን በግራ አውርድ ማለት ጀርባቸውን ለሚኒባስ ሰጥተው መኪና መንገድ ላይ እንዲቆሙ ማድረግ ማለት ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚታዩት ቪዲዮዎች ብዙዎቹ ከህንድ፣ ከእንግሊዝ፣ ከኬንያ ናቸው፣ እነሱ በግራ ነው የሚነዱት፣ ለነሱ ግራው ራሱ የእግረኛው በኩል ነው። ምክሩ እዛ ልክ ሆኖ እዚህ መሃል አዲስ አበባ አስፓልት ላይ ሲመጣ አደጋ ይሆናል። ስለዚህ ጎኑን የሚወስነው ያቆምክበት ቦታ ነው፣ ቦታውን ሳትመርጥ ግራ ነው ቀኝ ነው ብሎ መከራከር ዋጋ የለውም።

አሁን ለምን እንደወደቃችሁ። እንደምገምተው ቁልቁለቱን ስለፈራህ ቀኝ እግርህን የኋላ ፍሬን ላይ አድርገህ በግራ እግርህ ብቻ ነበር መሬት የያዝከው። እናትህ ለመውረድ ሲነሱ ሙሉ ክብደታቸው ግራው የእግር መርገጫ ላይ አረፈ። የተሳፋሪ መርገጫ ከሞተሩ መሃል ሩብ ሜትር ገደማ ወጣ ብሎ ነው ያለው፣ 65 ኪሎ ሰው እዛ ጫፍ ላይ ሲቆም ሞተሩን የሚጎትተው ወደዛው ነው፣ አንተ ደግሞ ወደ ቀኝ የምትመልስበት እግር የለህም፣ ፍሬን ላይ ነው። 130 ኪሎ አካባቢ የሚመዝን ሞተር ቀጥ ብሎ ሲቆም በሁለት ጣት ይያዛል፣ ትንሽ ካለፈ ግን ጉልበት አይመልሰውም፣ ጎረምሳም ሁን ስፖርተኛም ሁን። ሰው እንደ ፈረስ እርካብ መርገጫውን ረግጦ ብድግ ሲል የሚጥለው ይሄ ነው። ፈረስ በአራት እግሩ ቆሞ ነው የሚጠብቅህ፣ ሞተር ግን ያንተ ሁለት እግር ካልያዘው የቆመ ነገር አይደለም።

ስለዚህ አንደኛው ነገር፣ ተሳፋሪ ሲወጣም ሲወርድም የነጂው ሁለት እግር መሬት ላይ መሆን አለበት፣ ትንሽ ፈርከክ ብሎ፣ ተረከዝህ መሬት ቢነካ ጥሩ ነው። በጣትህ ጫፍ ብቻ ከሆነ የምትደርሰው ያ ሞተር ለብቻህ ይሁንህ፣ ሰው ለመጫን ግን ከፍ ይልብሃል። ሁለቱም እግር መሬት ላይ ከሆነ የኋላ ፍሬን የለም ማለት ነው፣ ታዲያ ቁልቁለት ላይ ምን ይይዘዋል? ሞተሩን አንደኛ ማርሽ ውስጥ አስገብተህ ቁልፉን አጥፋና ፍሪሲዮኑን (ክላቹን) ቀስ ብለህ ልቀቀው፣ ሞተሩ ራሱ ጎማውን ይይዝልሃል። በተጨማሪ የፊት ፍሬኑን ጨብጥ። ወደ ታች ዞረህ ከቆምክ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ስለሚሄድ የፊት ፍሬን ጥሩ ይይዛል። ወደ ላይ ዞረህ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ከለገሀር ወደ ማዘጋጃ ቤት እየወጣህ፣ ተሳፋሪ ከኋላ ተጭኖ የፊት ጎማው ቀሎ ስለሚሆን በፊት ፍሬን ብቻ ከተማመንክ ጎማው እንደተቆለፈ ወደ ኋላ ሊንሸራተት ይችላል፣ በተለይ አስፓልቱ እርጥብ ከሆነ። ዳገት ላይ ዋናው ማርሹ ነው።

ሞተሩ ይጥፋ የምለው ለዚህ ብቻ አይደለም። የሚወጣ ሰው ሚዛን ሲያጣ መጀመሪያ የሚይዘው ያገኘውን ነው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ የነጂውን ቀኝ ክንድ። ቀኝ እጅህ ላይ ጋዙ አለ። ሞተሩ በርቶ ማርሽ ውስጥ ከሆነ እና ክንድህ ከተጎተተ ሞተሩ ዘሎ ይሄዳል፣ ተሳፋሪው አንድ እግሩ መሬት አንድ እግሩ ሞተር ላይ እያለ።

የስታንዱ ምክር። ጓደኛህ ያሰበው ገብቶኛል፣ አንተ ነጻ ሆነህ እናትህን በሁለት እጅህ እንድትይዝ ነው። ግን የጎን ስታንድ የተሰራው ባዶ ሞተር እንዲይዝ ነው፣ ሰው ከላይ ተቀምጦ ሲንቀሳቀስ ያንን ሁሉ ጭነት ለመሸከም አይደለም። ዋናው ችግር ደግሞ ሞተር ወደ ፊት ከተንቀሳቀሰ የጎን ስታንድ ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ ቁልቁለት ላይ ወደ ታች ዞሮ የቆመ ሞተር ደግሞ መሄድ የሚፈልገው ወደ ፊት ነው። ታጠፈ ማለት እናትህ ከላይ ናቸው፣ መሪውን የያዘ ሰው የለም። አፈር ላይ ወይ ፀሃይ ያለሰለሰው አስፓልት ላይ ደግሞ ይሰምጣል። ሌላም አለ፣ ከኋላህ ሰው ተቀምጦ አንተ ቀድመህ ስትወርድ እግርህን ወደ ኋላ ማሳለፍ አትችልም፣ ወደ ፊት በታንከሩ ላይ ማሳለፍ አለብህ፣ እሱ ራሱ ሞተሩን ያወዛውዘዋል። ባለ ሁለት እግሩ የመሃል ስታንድም ቢሆን ሰው ሲወጣበት ወደ ፊት ሊንደረደርና ሊወርድ ይችላል። ተራው ቀላል ነው፦ ሲወጣ ነጂ ይቀድማል፣ ሲወርድ ተሳፋሪ ይቀድማል፣ አንተ ሞተሩን ብቻ ነው የምትይዘው። ሰውየውን መደገፍ ካስፈለገ ሶስተኛ ሰው ይደግፍ። እህትህ ትሁን፣ የበር ጥበቃ ይሁን፣ አንድ ደቂቃ እናቴን ያዝልኝ ብትለው እምቢ የሚል ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ አታገኝም። የሚረዳው ሰው ግን አይጎትታቸው፣ ክንዱን ዘርግቶ እሳቸው ይደገፉበት። መጎተት ራሱ ሚዛን ያስታል።

የጉልበታቸው ነገር ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ነው፣ ምክንያቱም በየትኛው ጎን መውረድ እንዳለባቸው እሱም ይወስናል። በግራ የሚወጣ ሰው የሚሸከመው በግራ እግሩ ነው፣ ቀኙን አሻግሮ ያሳልፋል። በቀኝ ሲሆን ተገላቢጦሽ፣ ሙሉ ክብደቱ ቀኝ እግር ላይ ይሆናል። የእናትህ የታመመው ቀኙ ነው። መርገጫ ላይ ቆሞ መነሳት ማለት ደግሞ ጉልበትን አጥፎ ሙሉ ክብደትን በአንድ እግር መግፋት ነው፣ ለታመመ ጉልበት ከዚህ የከፋ የለም፣ መሃል ላይ ቢከዳቸው የሚወድቁት ደግሞ ማርሚታው በኩል ነው። ስለዚህ ለሳቸው የሚሻለው በግራ ነው፣ በጤነኛው እግር፣ ማርሚታ በሌለበት። ግን በግራ የሚሆነው መኪና በሌለበት ቦታ ብቻ ነው።

እንግዲህ እኔ የምልህ ይሄ ነው፦ መንገድ ዳር መውጣትና መውረድ ለሳቸው ይቅር። ቤት ስትነሱ ግቢ ውስጥ ይውጡ፣ ስትደርሱ ደግሞ ማቆም ወደሚፈቀድበት ግቢ ወይ ፓርኪንግ ገብተህ ሜዳ ቦታ ፈልገህ እዛ በግራ ይውረዱ። ሃምሳ መቶ ሜትር በእግር መሄድ ቢጨምርም ቸርችል ላይ ከመውረድ ይሻላል። ግቢ ውስጥ ከሆነ ደግሞ የቤቱን ደረጃ ወይ ሰፊ የማይነቃነቅ ድንጋይ ተጠቀሙ፣ ሞተሩን አጠገቡ አስጠግተህ እሳቸው እሱ ላይ ቆመው ሲያሻግሩ እግራቸውን ብዙ ማንሳት አይጠበቅባቸውም። ፕላስቲክ ወንበር፣ ጀሪካን፣ በርጩማ ምናምን አታምጣ፣ ሲገፉት ይገለበጣል።

አወጣጡ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ አንተ ትቀመጣለህ፣ ስታንዱን ታነሳለህ፣ ሞተሩን ቀጥ አድርገህ በሁለት እግርህ ትይዛለህ፣ የተሳፋሪው መርገጫዎች ሁለቱም መከፈታቸውን ቀድመህ ታያለህ (ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ከተቀመጡ በኋላ የታጠፈ መርገጫ በእግር መፈለግ ሌላ መወዛወዝ ነው)። ሄልመታቸውን መሬት ላይ ቆመው ያድርጉ፣ ማሰሪያው ይታሰር፣ መስታወቱ ይነሳ እግራቸውን እንዲያዩ። ከዛ ግራ እጃቸው ግራ ትከሻህ ላይ፣ ቀኝ እጃቸው ቀኝ ትከሻህ ላይ ወይም ከኋላ ያለው የብረት መያዣ ላይ። ትከሻን ወደ ታች መጫን እንጂ ወደ ጎን መሳብ የለም፣ መሪውንና ስፖኪዮውን አይነኩም። ሰውነታቸውን ወደ ሞተሩ አስጠግተው ነው የሚወጡት፣ ከሞተሩ በራቁ ቁጥር የሚጎትቱት ይጨምራል። አንተ በዛች ሰዓት ደረትህን ትንሽ ወደ ቀኝ ታዘነብላለህ። ሲወርዱ የዚሁ ተቃራኒ ነው፣ ቀኝ እግራቸውን በመቀመጫው ላይ ከፍ አድርገው ያሳልፉ፣ ከኋላ የዴሊቨሪ ሳጥን ወይ እቃ መጫኛ ካለህ እግር የሚይዘው እሱ ነው፣ እናትህን ስትወስድ ፍታው።

ንግግር ያስፈልጋል፣ ይሄን ቀላል አታድርገው። እኔ ሳሰለጥን የማየው መውደቅ በብዛት የሚመጣው ተሳፋሪው ሞተሩ እንደቆመ ደርሰናል ብሎ ነጂው ሳይዘጋጅ ስለሚነሳ ነው። መብራት ላይ ቆመህ እንኳን ተነስቶ ልብሱን የሚያስተካክል አለ። እማዬ «ልውጣ?» ትበል፣ አንተ «ውጪ» ካላልክ አትነቃነቅ። ሲወርዱም «ልውረድ?» «ውረጂ»። ሄልመት ውስጥ ስለማይሰማ ጮክ ብለህ ተናገር፣ ካልተሰማ ትከሻህን ሁለቴ መታ መታ ማድረግም ይቻላል፣ ዋናው ሁለታችሁም የተስማማችሁበት ይሁን። አንተም «ውረጂ» ከማለትህ በፊት ስፖኪዮህን እይ፣ ዞር ብለህም እይ።

ግድ ሆኖ መንገድ ዳር ካቆምክ በቀኝ ነው፣ ሌላ አማራጭ የለም። ፍሬቻ አብርተህ ዳር ያዝ፣ በአዲሱ የኮሪደር መንገድ ላይ የሳይክል መስመሩን ዘግተህ አትቁም፣ ከጠርዙ ትንሽ ራቅ በል። እግራቸው ቀጥ ብሎ ወደ ታች ከወረደ ማርሚታው ጋር ይላተማል፣ ወደ ውጭ ሰፋ ብሎ ነው የእግረኛው መንገድ ላይ ማረፍ ያለበት። ጠርዙ ከፍ ያለ ከሆነ ይጠቅማል፣ መውረጃው ያጥራል። ግን ዝናብ ሲሆን አንዳንዱ ንጣፍ ያንሸራትታል፣ ክረምት ላይ ጫማቸው ስር ጭቃ ካለ ደግሞ መርገጫውም ያንሸራትታል፣ ሶሉን አራግፈው ይውጡ። ለሳቸው እንዲህ የሚወረደው ደጋፊ ሰው ካለ ብቻ ነው፣ ሰው ከሌለ እስኪገኝ ቁጭ ብለው ይጠብቁ፣ አንተም ሞተሩን ይዘህ ጠብቅ።

ለማርሚታው ሽፋን አሰራለት፣ የብረት ሽፋን ጋራዥ ውስጥ በቀላሉ ይሰራል፣ ከማርሚታው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ አየር እንዲገባበት ሆኖ ይታሰር። እናትህ ደግሞ ቀሚሱ ስር ወፈር ያለ ሱሪ ይልበሱ። ስኳር አለባቸው ካልክ ይሄን በደንብ ስማኝ፦ ስኳር ብዙ ጊዜ የቆየበት ሰው እግሩ ላይ ስሜት ሊቀንስ ይችላል፣ ማርሚታ እየነካቸው ላያውቁት ይችላሉ፣ ቁስሉም በቶሎ አይድንም፣ ያመረቅዛል። ቃጠሎ ከደረሰ ወዲያው ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ለ20 ደቂቃ ይፍሰስበት፣ በረዶ አይደለም፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሚባለውን ተዉት፣ ውሃ የቋጠረውንም አታፍርጡት። ለሌላ ሰው ትንሽ ቃጠሎ ቤት ይድናል፣ እሳቸው ግን ትንሽም ብትሆን ጤና ጣቢያ ይታዩ። ያኔ የተቃጠሉት ባታቸው አሁንም ካልሻረ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ሳትጠብቅ አሳያቸው።

ነጠላ ነገር። ነጠላው ትከሻ ላይ ተጥሎ መሄድ የለበትም። የኋላ ጎማውና ካቴናው ጨርቅ አንዴ ከያዘ አይለቅም፣ አንገት ላይ ከተጠመጠመ ደግሞ ገዳይ ነው። አጣጥፈው ቦርሳ ውስጥ ያድርጉት ወይ ጃኬት ስር ገብቶ ዚፑ ይዘጋ፣ ሻርፕም እንደዛው። ለቀሚስ ብሎ በጎን መቀመጥ ደግሞ ሲወጡና ሲወርዱ ቀላል ይመስላል፣ እውነትም ለመውረድ ይቀላል፣ ግን ሙሉ ክብደቱ አንድ ጎን ላይ ነው፣ ፍሬን ስትይዝ የሚይዙበት እግር የላቸውም፣ በአንድ መታጠፊያ ይንሸራተታሉ። በጎን ካልሆነ አልቀመጥም ካሉ በሞተር አይሂዱ።

የኋላ ጎማ ንፋስ ለሁለት ሰው የሚባለው ልክ ላይ ይሁን፣ ሞላውም የሚስተካከል ከሆነ ይጠንክር፣ ካልሆነ ሞተሩ ከኋላ ዝቅ ብሎ መሪው ይቀልልብሃል። ከዛ ሌላ ደግሞ ከተማው በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ሞተር ከከለከለ በኋላ እንቅስቃሴው በፈቃድ እንደሆነ ታውቃለህ፣ ያንተ ፈቃድ ሰው መጫንን ይጨምር አይጨምር አጣራ፣ እናቴ ናት ብትልም ትራፊክ ፖሊስ የሚያየው ወረቀቱን ነው።

ይሄ ሁሉ ሆኖም ገደብ አለው። ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሞክሩ፦ እናትህ ግድግዳ ወይ ጠረጴዛ ይዘው በግራ እግራቸው ይቁሙና ቀኙን ወደ ጎን አንስተው የሞተሩ መቀመጫ ከፍታ ድረስ፣ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ አድርሰው ይመልሱት፣ አንተ አጠገባቸው ሁን። ህመም ሳይሰማቸውና ሳይወዛወዙ ከቻሉ ከላይ ባልኩህ መንገድ ቀጥሉ። ካልቻሉ፣ ወይም የቻሉት በእጃቸው እግራቸውን አንስተው ከሆነ፣ በሞተር መውሰዱን አቁም። ራይድ ጥራ ወይ ላዳ ያዝ፣ በር ላይ ያወርዳችኋል። ብሩ እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ለዚህም ነው ብዙ ልጅ እናቱን በሞተር የሚያመላልሰው፣ ግን በዛ እድሜ የዳሌ አጥንት ስብራት ወራት አልጋ ላይ ያስቀራል፣ ለስኳር ታማሚ ደግሞ ቀዶ ጥገናው ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። ፈተናውን ያለፉም ቢሆን ቀጠሮ ውለው ሲመለሱ ጉልበታቸው ደክሞ፣ መርፌ ተወግተው ወይ ስኳራቸው ወርዶ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ በሞተር የሄዱ ሰው በሞተር መመለስ አለባቸው ማለት አይደለም፣ ስትወጡ እንደገና ጠይቃቸው፣ ካንገራገሩ ሞተሩን እዛው አቁመህ በታክሲ መልሳቸው።